መዝገበ ቃላት በ«ሀውኤቨር» ሲመዘን፦ ስለ ኦክስፎርዱ ለርነርስ ዲክሽነሪ

የማስጠናቸው ልጆች ወላጆች ቶሎ ከሚያነሱልኝ ጥያቄዎች አንዱ ይኼ ነው፦ «መምህር፣ የትኛውን ዲክሽነሪ እንግዛላቸው?» ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ እንግሊዝኛ ማስጠናት ነው። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የ12ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። የቀሩት አይልትስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለመፈተን የሚዘጋጁ አዋቂዎች ናቸው። ለሁሉም የምመክረው አንድ መጽሐፍ ነው፤ እንግሊዝኛን ለሚማሩ ሰዎች የተዘጋጀው ኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ ዲክሽነሪ። ለምን እንደምመክረው፣ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የቱ ጋ እንደማይበቃን ጭምር በዝርዝር ልጻፈው።

መዝገበ ቃላት የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ በከባድ ቃል ይፈትነዋል። ረጅም፣ ማንም የማያውቀው ቃል ይፈልግበታል። ካገኘው ደስ ብሎት ይገዛል። ይኼ መመዘኛ አይሆንም። ከባድ ቃል ሁሉም ውስጥ አለ። እሱ ደግሞ በዓመት አንዴም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ይልቅ ሁሉም ሰው «አውቀዋለሁ» የሚለውን ቃል ግለጡ። እኔ የምገልጠው «ሀውኤቨር»ን ነው።

ምክንያት አለኝ። ማንኛውንም ተማሪ «ሀውኤቨር ምን ማለት ነው?» ብትሉት ሳያስብ «ግን» ይላችኋል። ትክክል ነው። «እስቲ ዓረፍተ ነገር ሥራበት» ስትሉት ግን ነገሩ ይበላሻል። ትርጉሙን ያውቃል፤ አጠቃቀሙን አያውቅም። ጥሩ መዝገበ ቃላት የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ስህተቱ ይኼን ይመስላል። ተማሪው በአማርኛ «ፈተናው ከባድ ነበር፣ ግን አለፍኩ» ብሎ ያስባል። ወደ እንግሊዝኛ ሲያመጣው «ዘ ኤግዛም ዎዝ ዲፊካልት» ብሎ ኮማ ያደርጋል። ከዚያ «ሀውኤቨር አይ ፓስድ» ብሎ ይጨርሳል። በ«ሀውኤቨር» ቦታ «ባት» ቢገባ ኖሮ አንድም ችግር የለበትም። «ባት» መስተጻምር ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን በኮማ ማያያዝ ይችላል። «ሀውኤቨር» ተውሳከ ግስ ነው፤ ማያያዝ አይችልም። ስለዚህ ከእሱ በፊት ያለው ሐሳብ በፉል ስቶፕ መዘጋት አለበት። ካልሆነም ሴሚኮለን ይገባል። ከ«ሀውኤቨር» ቀጥሎ ደግሞ ኮማ ይመጣል።

እኛ ይኼ ልዩነት አይታየንም። አማርኛ ላይ «ግን»ም ሆነ «ሆኖም»፣ «ነገር ግን»ም ሆነ «ይሁን እንጂ» በነጠላ ሰረዝ ቢመጡ፣ በድርብ ሰረዝ ቢመጡ፣ ከአራት ነጥብ በኋላ ቢመጡ ማንም ቀይ እስክሪብቶ አያነሳባቸውም። ልጁ የተማረው ይኼንን ነው። «ሀውኤቨር ማለት ግን ማለት ነው» ብቻ ተብሎ ከተነገረው ኮማውን ከየት ያመጣዋል?

ወደ መዝገበ ቃላቱ ልመለስ። ኦክስፎርዱ ከቃሉ ጎን «አድቨርብ»፣ ማለትም ተውሳከ ግስ፣ ብሎ ይጽፋል። ተማሪዎቼ ይህችን ምልክት ዘለው ነው የሚያልፉት። እኔ ከእሷ አስጀምራቸዋለሁ። ከዚያ ፍቺው ይመጣል፤ አጭርና ቀላል ነው። ፍቺዎቹ የሚጻፉት 3000 ገደማ በሆኑ የተለመዱ ቃላት ስለሆነ፣ አንድ ቃል ለመረዳት ሌላ አምስት ቃል መፈለግ የለም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጁት ትልልቆቹ መዝገበ ቃላት እዚህ ጋ ነው ልጆቹን የሚያሰለቿቸው። ቀላሉን ቃል በከባድ ቃል ይፈቱታል።

ከፍቺው በላይ የምወድለት ግን ምሳሌዎቹን ነው። ምሳሌዎቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ ነጥቡና ኮማው በትክክለኛ ቦታው ተቀምጧል። ልጆቹን «ቃሉን ተዉት፤ ዙሪያውን እዩት» እላቸዋለሁ። ከፊቱ ምን ምልክት አለ? ከኋላውስ? እንዲህ ሲያዩት ደንቡን ራሳቸው ይደርሱበታል። «ሀውኤቨር» መጀመሪያ ላይ ብቻ ሳይሆን መሀል ላይም፣ መጨረሻ ላይም ሊገባ እንደሚችል የሚያዩት በዚህ መንገድ ነው።

መሀል ላይ የሚገባው «ሀውኤቨር» ብዙ ተማሪ ያስፈራዋል። በእኔ ግምት ግን ለአማርኛ ተናጋሪ ከሁሉም የሚቀርበው እሱ ነው። «እህቴ ግን አልመጣችም» ስንል «ግን» የት ነው ያለው? ከ«እህቴ» ቀጥሎ። ሌሎቹ መጥተዋል፤ የቀረችው እሷ ናት። የምናነጻጽረውን ሰው እናስቀድምና «ግን»ን እናስከትላለን። እንግሊዝኛውም ልክ እንዲሁ ያደርጋል። «ማይ ሲስተር» ይላል፣ ኮማ፤ «ሀውኤቨር»፣ ኮማ፤ «ዲድ ኖት ከም»። ቦታው አንድ ነው። የሚለየው ሁለት ኮማ መሀል መግባቱ ብቻ ነው። ይኼን ሳሳያቸው የልጆቹ ፊት ሲፈታ ይታየኛል። እስከዚያች ቀን ድረስ የሚጽፉት «ሀውኤቨር» ሁሉ ከዓረፍተ ነገር ራስ ላይ አይወርድም ነበር።

መጨረሻ ላይ የሚመጣውም አለን። «ዋጋው ውድ ነው። ይጣፍጣል ግን።» የአዲስ አበባ ልጅ ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚያወራው። ለዚህኛው ግን «ሀውኤቨር» አይመችም፤ ይከብዳል። እንግሊዞቹ እንዲህ ባለ ወሬ መጨረሻ ላይ «ዞው» ይላሉ። «ኢት ኢዝ ቴስቲ»፣ ኮማ፣ «ዞው»። ኦክስፎርዱ ይኼ የ«ዞው» አጠቃቀም የንግግር መሆኑን ይነግራችኋል። ይህች ማስታወሻ ቀላል አይደለችም። ለጓደኛው በቴሌግራም «ሀውኤቨር» እያለ የሚጽፍ ልጅ አለ። ቡና እየጠጣን «ይሁን እንጂ ለእኔ ሻይ ይሻለኛል» የሚል ሰው እንደማለት ነው። ስህተት የለውም፤ ግን ማንም እንዲህ አያወራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ትርጉም። መዝገበ ቃላትን በ«ሀውኤቨር» የምመዝንበት ዋናው ምክንያት ይኼኛው ነው። ቃሉ «ግን» ያልሆነበት ጊዜ አለ። ሆቴል ውስጥ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ አስጠና ነበር። የሥራ ቦታውን ደንብ በእንግሊዝኛ ይዞልኝ መጣ። አንዱ አንቀጽ «ኤኒ ዳሜጅ፣ ሀውኤቨር ስሞል» ብሎ ይጀምርና «መስት ቢ ሪፖርትድ» ብሎ ይዘጋል። ሰውየው የተረዳው «ጉዳት ካለ ይነገር፤ ትንሽ ከሆነ ግን ችግር የለውም» ብሎ ነው። ደንቡ የሚለው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ «ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ ማንኛውም ጉዳት ይነገር»። በእንዲህ ያለ ነገር ሰው ከደመወዙ ሊቆረጥበት ይችላል።

ይህኛው «ሀውኤቨር» ከቅጽል ወይም ከተውሳከ ግስ ጋር ተጣብቆ ይመጣል። በመሀላቸው ኮማ የለም። «ሀውኤቨር ሃርድ አይ ትራይ» ማለት «ምንም ያህል ብሞክር» ነው። «ሀውኤቨር ሎንግ ኢት ቴክስ» ደግሞ «ምንም ያህል ጊዜ ቢወስድ»። ሌላም አለው፤ «ሀውኤቨር ዩ ላይክ» ሲባል «እንደፈለግህ» ነው። ኦክስፎርዱ እነዚህን ለየብቻ በቁጥር ለይቶ፣ ለየብቻ ምሳሌ ሰጥቶ ነው የሚያስቀምጣቸው። የ12ኛ ክፍል ልጅ የንባብ ጥያቄ ላይ «ሀውኤቨር» ባየ ቁጥር «ግን» እያለ ካነበበ ሙሉው አንቀጽ ይገለበጥበታል። ስልክ ላይ ያሉ አንዳንድ ትንንሽ መተግበሪያዎች አንድ የአማርኛ ቃል ሰጥተው ዝም ይላሉ። በእነዚህ የተማረ ልጅ ይኼን ሁለተኛ ትርጉም የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

መጽሐፉ ለምን እንዲህ ለተማሪ እንደሚያስብ ታሪኩ ይናገራል። ያዘጋጀው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሠርቶ መጀመሪያ የታተመው በ1942 እ.ኤ.አ. ቶኪዮ ነው። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ1948 አሳተመው። 10ኛው እትም በ2020 ወጥቷል። ማለትም መጽሐፉ የተወለደው ቋንቋው ባዕድ የሆነባቸው ተማሪዎች ካሉበት ክፍል ነው። መምህር ስለሆንኩ ይሆናል ይህን ታሪክ የምወደው።

ከቃሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገርም አለ። በሣጥን ውስጥ የንጽጽር አገላለጾችን ሰብስቦ ያሳያል፤ በአንድ ጉዳይ ላይ ሐሳብን በ«ሀውኤቨር» እና በመሰሎቹ እንዴት ማዞር እንደሚቻል። ለድርሰት ጸሐፊ ትልቅ እገዛ ነው። ሆኖም አስጠኚ ከጎኑ ከሌለ ተማሪው ሣጥኑን እንደ መደበኛ ዝርዝር ሸምድዶት ይሄዳል። ሁሉም አንድ ይመስሉታል። አንዱን አውጥቶ ሌላውን ይተካል።

አንድ አይደሉም። ለእኛ በጣም የሚያስቸግሩት ሁለቱ «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» እና «ኦን ዘ ኮንትራሪ» ናቸው። ተማሪ ሁለቱንም «በተቃራኒው» ብሎ ይተረጉማቸውና እንዳገኘ ይጽፋቸዋል። «ከተማ ውስጥ ሥራ አለ። በሌላ በኩል ኑሮው ውድ ነው» ለማለት የመጀመሪያው ነው የሚሆነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያፈርስም። ሁለተኛው ቀደም ብሎ የተባለውን ነገር ይክዳል። «ርካሽ አይደለም፤ እንዲያውም በሰፈሩ ካሉት ሁሉ ውዱ ነው» ስንል ያቺ «እንዲያውም» ናት «ኦን ዘ ኮንትራሪ»። ልጆቹን «በተቃራኒው»ን አስጥዬ «እንዲያውም»ን ሳስይዛቸው ስህተቱ ወዲያው ይቀንሳል።

አይልትስ የሚፈተኑ ሰዎች ይኼን ክፍል ልብ ይበሉት። የጽሑፍ ፈተናው 60 ደቂቃ ነው፤ ሁለተኛው ጽሑፍ ቢያንስ 250 ቃላት ይፈልጋል። ከአራቱ የማረሚያ መስፈርቶች አንዱ የሐሳብ ፍሰትና ትስስር ነው፤ ክብደቱም ከሌሎቹ እኩል ነው። አያያዥ ቃል በብዛት መደርደር ግን ነጥብ አያመጣም። በየአንቀጹ ራስ «ሀውኤቨር»፣ «ሞርኦቨር»፣ «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» የተሰካበት ጽሑፍ ለአራሚው ሜካኒካል ሆኖ ይታየዋል፤ መስፈርቱም ይህን ድክመት በስሙ ይጠራዋል። ሐሳቡ ራሱ ካልዞረ ቃሉ አያዞረውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ተማሪው ድርሰቱን መጀመሪያ ያለ አንድም አያያዥ ይጽፈዋል። ከዚያ አንባቢ ሊደናገር የሚችልበት ቦታ ላይ ብቻ «ሀውኤቨር» እንጨምራለን። አንድ ገጽ ላይ ብዙም አያስፈልግም።

አሁን ስለጎደለው። መጽሐፉ ለዓለም ሁሉ ነው የተጻፈው፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ተብሎ አልተጻፈም። ስለዚህ የእኛን የራሳችንን ስህተት ቀድሞ አይገምትልንም። ከስህተቶቻችን ሁሉ የበረታው «ኦልዞው» እና «ባት»ን አንድ ላይ መጻፍ ነው። አማርኛ ላይ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብም ልጆቹ ግን ኳስ ተጫወቱ» ብንል ያማረ ዓረፍተ ነገር ነው። «ምንም እንኳ»ም አለ፣ «ቢዘንብም»ም አለ፣ «ግን»ም አለ። ሦስቱም ተረዳድተው ያጠብቁታል። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው። «ኦልዞው» ብሎ ከጀመረ «ባት» መውጣት አለበት። «ባት» ካለ «ኦልዞው» ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎች ሳይቀሩ የሥራ ማመልከቻ ላይ ሁለቱን ደርበው ይጽፋሉ። ጥፋታቸው አይደለም። ማንም ቁጭ አድርጎ «አማርኛችን እዚህ ጋ ይለያል» ብሎ ስላልነገራቸው ነው። መዝገበ ቃላቱ ትክክለኛውን ምሳሌ ያሳያል፤ ግን የእኛ ልጅ ምን ላይ እንደሚሰናከል የሚያውቀው የእኛ መምህር ነው።

ለዚህ ክፍተት እንግሊዝኛና አማርኛን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ያስፈልጋል። የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ አማርኛ አገባባዊ መዝገበ ቃላት በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቃሉን በሙሉ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ከጎኑ አማርኛውን ያስቀምጣል። አሮጌ ነው፤ የአሁኑን ቋንቋ ሁሉ አይሸፍንም። ግን እንደ «ሀውኤቨር» እና «ባት» ያሉ ቃላት በ50 ዓመት አይለወጡም። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካጋጠማችሁ እንዳታልፉት። ከኦክስፎርዱ ጋር አብሮ ሲነበብ ጥሩ ጥንድ ነው።

ከሌሎቹ የእንግሊዝኛ ለርነርስ ዲክሽነሪዎች ጋር ሲወዳደርስ? ሎንግማን ፍቺውን በ2000 ቃላት ነው የሚጽፈው፤ ለጀማሪ ከኦክስፎርድ የቀለለ ነው። ኮቢልድ በ1987 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ይዞት የመጣው አሠራር ፍቺውን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው፤ መምህር አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳችሁ ይመስላል። ለራሴ ንባብ እሱን እወደዋለሁ። ካምብሪጅም ድረ ገጹ ላይ በነፃ አለ፤ ለስልክ ምቹ ነው። በየትኛውም ብትማሩ አትጎዱም። ኦክስፎርዱን የማስቀድመው ሣጥኖቹና ምሳሌዎቹ ለጽሑፍ ፈተና ስለሚጠቅሙ ነው።

የጉግል መተርጎሚያም ይጠየቃል። አማርኛን የጨመረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። አንድ ደብዳቤ በጥቅሉ ስለምን እንደሚያወራ ለማወቅ ይረዳል። ለመጻፍ መማሪያ ግን አይሆንም። የአማርኛ አቻውን ይሰጣችኋል እንጂ ኮማው የት እንደሚገባ፣ ቃሉ ለጓደኛ ይሁን ለአለቃ፣ አያስረዳም።

የኦክስፎርዱ ድረ ገጽ በነፃ ይከፈታል። አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ድምፅ። ሰማያዊው ምልክት የብሪታንያውን፣ ቀዩ የአሜሪካውን አነጋገር ያሰማል። ልጆቻችን «ሀውኤቨር» ሲሉ «ሀው» ላይ ነው የሚጫኑት። ጭነቱ ያለው «ኤ» ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ሰምተው ሁለት ጊዜ ከደገሙት ይስተካከላል። የንግግር ፈተና ላላቸው ይህ ብቻውን ድረ ገጹን እንዲከፍቱ ያደርጋል።

እንዲህ ከሆነ ወረቀቱ ለምን ይገዛል? ስልክ ያዘናጋል። አንድ ቃል ለማየት የተከፈተ ስልክ ቲክቶክ ላይ ያበቃል። ኔትወርክም መብራትም ሁልጊዜ የለም። ከዚያ በላይ ደግሞ መጽሐፍ ሲገለጥ ዓይን ወደ ጎረቤት ቃል ይሄዳል፤ ልጁ ያልፈለገውን ነገር ተምሮ ይነሳል። ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ተማሪ ካለ አንድ ወረቀት ለሁሉም ይሆናል።

ኦርጅናሉ ውድ ነው። አዲሱን እትም የግድ አትበሉ። ለ«ሀውኤቨር»ና ለመሰሎቹ የቀድሞዎቹ እትሞችም በቂ ናቸው። ያገለገለ ብትገዙ ይሻላል፤ ኮፒ ተደርጎ የሚሸጠውን ግን ተጠንቀቁ። አንዲት ተማሪዬ ከመንገድ ላይ ሻጭ የገዛችው ኮፒ ከነጭራሹ የኮማና የነጥብ ልዩነት አይለይበትም፤ ህትመቱ ደብዝዟል። መሀሉ ላይም የተዘለሉ ገጾች ነበሩት። ሥርዓተ ነጥብ ለመማር የተገዛ መጽሐፍ ነጥቡ ካልታየ ምን ይሠራል? ከመክፈላችሁ በፊት ብርሃን ያለበት ቦታ አውጥታችሁ ምሳሌዎቹን አንብቡ። ጥራዙንም ፈተሽ አድርጉት፤ መጽሐፉ ከባድ ስለሆነ ቶሎ የሚፈታው ጀርባው ነው።

ለትንንሽ ልጆች አትግዙት። የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጅ ፍቺውን ለማንበብ ራሱ ይቸገራል፤ ተስፋ ይቆርጣል። ለእሱ የአማርኛ ፍቺ ያለው ትንሽ መዝገበ ቃላት ይቅደም። ኦክስፎርዱ የሚጠቅመው የሳይንሱም የታሪኩም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት፣ በየገጹም «ሀውኤቨር» ሲያጋጥመው ነው።